የተጎታች ቤት ባትሪና የፀሐይ ኀይል፤ እርሳሱን በሊቲየም ለመለወጥ ማወቅ የሚገባው

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ጥናት

በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰዎች አልጋና ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መታጠቢያ ያለው ትንሽ ቤት በመኪናቸው ኋላ እየጎተቱ ሳምንታትን፣ አንዳንዶቹም ወራትን በመንገድ ያሳልፋሉ። በዚህ ጽሑፍ ተጎታች ቤት የምንለው ይህንኑ ነው። ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. የኤርስትሪም ኩባንያ መሥራች ዋሊ ባያም 41 ተጎታች ቤቶችን አሰልፎ ከኬፕ ታውን ወደ ካይሮ ሲጓዝ ኢትዮጵያን አቋርጦ አልፏል፤ ተጓዦቹም አዲስ አበባ በደረሱ ጊዜ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ፊት ለመቅረብ በቅተዋል።

ዛሬ ጉዳዩን የምናነሣው ግን ነጋዴዎቻችን ተጎታች ቤት አስመጥተው እንዲሸጡ ለመምከር አይደለም። በተጎታች ቤት ውስጥ የሚሠራው ባትሪ፣ በጣራው ላይ የሚነጠፈው የፀሐይ ሰሌዳ፣ ኮንትሮለሩና ኢንቨርተሩ በመርካቶ መደርደሪያዎች ላይ ከምናያቸው ዕቃዎች ጋር በዐይነታቸው አንድ ናቸውና ነው። መብራት ሲጠፋ ሱቁን በባትሪ የሚያበራ ነጋዴ፣ ጎብኚዎችን ይዞ ወደ ስሜን ተራራዎች የሚወጣና በመኪናው ውስጥ ማቀዝቀዣ የጫነ አስጎብኚ፣ መስመር ባልደረሰበት ወረዳ ያለ ጤና ጣቢያ፣ እነዚህ ሁሉ የሚገዙት ይህንኑ ዕቃ ነው። ተጎታች ቤት ከእነዚህ የሚለየው ኀይሉ ከሚመነጭበት እስከሚጠፋበት ድረስ ያለው መንገድ በአሥር ክንድ ቦታ ውስጥ ተጠቃልሎ ስለሚታይና ስሕተቱም ቶሎ ስለሚገለጥ ነው፤ ስለዚህ ለትምህርት ይመቻል።

በዚያ አገር ገበያ የሊቲየም ባትሪ ሲሸጥ በሣጥኑ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታተም አንድ ቃል አለ። ይኸውም አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን በቦታው ማስገባት ብቻ ይበቃል የሚል ነው። ቃሉ ግማሹ እውነት ነው። አዲሱ ባትሪ በቁመቱም በወርዱም በአሮጌው ሥፍራ ልክ ይገባል። ነገር ግን አሮጌውን ይሞላ የነበረው ቻርጀር፣ ከመኪናው ዲናሞ የሚመጣው ሽቦ፣ ፊውዙና ኢንቨርተሩ ሁሉ የተመረጡት ለእርሳስ ባትሪ ጠባይ ነበር። እነዚህ ሳይመረመሩ ባትሪው ብቻ ሲለወጥ ገዢው በብዙ ገንዘብ የገዛውን ዕቃ በግማሽ ኀይሉ ይጠቀማል፤ ከዚህም የከፋ ሲሆን ዲናሞው ይቃጠላል ወይም ሽቦው እሳት ይይዛል። ወቀሳው የሚመጣው ደግሞ ወደ ሻጩ ነው።

እርሳስና ሊቲየም

የእርሳስ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ዓ.ም. ከሠራው ጀምሮ መሠረቱ አልተለወጠም። እያንዳንዳቸው ሁለት ቮልት ያህል የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች በተርታ ተያይዘው 12 ቮልት የምንለውን ያስገኛሉ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ በየከተማው ያለ ባለሙያ ያውቀዋል፤ ካረጀም በኋላ እርሳሱ ገንዘብ ያወጣል። ጉድለቱ ከግማሽ በታች እየወረደ ሲሠራ ዕድሜው ማጠሩ ነው። ባዶውን ከቆመም በሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት የሚባለው ጨው ይጋገርበትና መልሶ ለመሙላት ያስቸግራል። ስለዚህ 100 አምፔር-ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ ሳይጎዳ ለሥራ የሚውለው 50 ያህሉ፣ በዋት-ሰዓት ሲቆጠርም 600 ያህል ብቻ ነው። ለዚህም ከ27 እስከ 30 ኪሎ ክብደት መሸከም ያስፈልጋል።

ሊቲየም የሚለው ስም የብዙ ባትሪዎች መጠሪያ ነው። በእጅ ስልክና በብዙ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ውስጥ ያለው ኒኬልና ኮባልት የገባበት ሲሆን፣ ለተጎታች ቤት የተመረጠው ግን ሊቲየም ከብረትና ከፎስፌት ጋር የተዋሐደበት ነው። ይህ ውሑድ ለባትሪ እንደሚሆን የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ጆን ጉዲናፍ ቤተ ሙከራ ነው። ጉዲናፍ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ከስታንሊ ዊቲንግሃምና ከአኪራ ዮሺኖ ጋር በሊቲየም ባትሪ ሥራቸው የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ተካፍለዋል። የብረት ፎስፌቱ ዐይነት ከኮባልቱ ይልቅ ሙቀትን ይታገሣል፤ በቀላሉም አይነድድም። ይህ ሲባል ግን ፈጽሞ እሳት አይነካውም ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ቢኖር ደንበኛውን ያሳስታል።

አንዱ የሊቲየም ሴል 3.2 ቮልት ይሰጣል፤ አራቱ ሲያያዙ 12.8 ይሆናል። በ100 አምፔር-ሰዓት ሲባዛ 1,280 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከዚህም 80 በመቶውን፣ ማለት 1,024 ዋት-ሰዓት ያህሉን በየቀኑ ያለ ሥጋት መጠቀም ይቻላል። ክብደቱ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ነው። የእርሳሱ ባትሪ እስከ ግማሽ እየወረደ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሲሞላ፣ የሊቲየሙ ከ2,000 እስከ 5,000 ጊዜ ይሞላል። እንግዲህ ነጋዴው ዋጋ ሲያወዳድር የሣጥኑን ዋጋ ከሣጥኑ ዋጋ ጋር ብቻ ማስተያየት አይገባውም። እርሳሱን በ400 ዙር ብንወስደው በዕድሜው ሙሉ የሚሰጠው 240 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ሊቲየሙ በ3,000 ዙር 3,072 ይሰጣል። ሊቲየሙ በአራት እጥፍ ቢወደድ እንኳ የእያንዳንዱ ኪሎዋት-ሰዓት ዋጋ የእርሳሱን ሢሶ ያህል ነው።

ሒሳቡ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ለሁሉም ሰው አይሠራም። 3,000 ዙር በየቀኑ ለሚጠቀም ሰው ከስምንት ዓመት በላይ ነው። በዓመት ሠላሳ ሌሊት ብቻ ከቤቱ ለሚወጣ ተጓዥ ግን የመቶ ዓመት ሥራ ነው፤ ባትሪው ደግሞ ተቀምጦም ያረጃል እንጂ መቶ ዓመት አይቈይም። እንዲህ ያለው ሰው ክብደቱ ካላስጨነቀው በቀር ጥሩ የእርሳስ ባትሪ ይበቃዋል። በወር ሁለት ጊዜ ብቻ መብራት ለሚጠፋበትም ሱቅ ነገሩ እንዲሁ ነው። ባለሱቁ ለደንበኛው አስቀድሞ ማቅረብ የሚገባው ጥያቄ «በሳምንት ስንት ጊዜ ትጠቀምበታለህ?» የሚለው ነው፤ መልሱን ሰምቶ ርካሹን የሚመክር ሻጭ ደንበኛውን ለሁለተኛው ግዢ ያስቀረዋል።

ባትሪው ብቻ ሲለወጥ የሚደርሰው

ከቻርጀሩ እንጀምር። በአሮጌዎቹ የአሜሪካ ተጎታች ቤቶች ውስጥ ያለው ቻርጀር 13.6 ቮልት ያህል ብቻ የሚሰጥ ነው። ሊቲየሙ ግን በደንብ ለመሙላት ከ14.2 እስከ 14.6 ቮልት ይፈልጋል። ባለቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ሞልቼዋለሁ ብሎ ሲወጣ ባትሪው ሳይሞላ ቀርቶ ያገኘዋል። በአንጻሩ ሌላ ዐይነት ቻርጀር አለ፤ የእርሳሱን ጨው ለማራገፍ በየጊዜው ከ15 ቮልት በላይ የሚልክ። ይህ ለእርሳስ መድኃኒት ለሊቲየም ግን መርዝ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሦስተኛ ነገርም አለ። የእርሳስ ቻርጀሮች ቅዝቃዜ ሲሰማቸው ቮልቱን ከፍ ያደርጋሉ፤ በ25 ዲግሪ 14.4 የነበረው በዜሮ ዲግሪ ወደ 15 ይወጣል። ሊቲየም ይህን አይፈልግም። ስለዚህ ቻርጀሩ የሊቲየም መደብ ከሌለው ተለውጦ ሌላ መገዛት አለበት፤ መደቡ ካለውም ከ14.2 እስከ 14.4 ላይ ማቆም፣ ማስተካከያ የሚባለውን ከፍተኛ ቮልትና የሙቀት ማካካሻውን መዝጋት ነው።

በእያንዳንዱ የሊቲየም ባትሪ ሆድ ውስጥ ቢኤምኤስ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ጠባቂ አለ። ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ፣ ባትሪው እስከ መጨረሻው ሲወርድ፣ የሚሄደው አምፔር ሲበዛ ወይም ሙቀቱ ከወሰን ሲወጣ በሩን ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ቤቱ በአንድ ጊዜ ይጨልማል። ለምሳሌ 1,500 ዋት የሚፈጅ የውሃ ማፍያ በኢንቨርተር ቢሠራ፣ ኢንቨርተሩም ከአሥር እጅ አንዱን ለራሱ ቢበላ፣ ከባትሪው የሚጠየቀው 130 አምፔር ያህል ነው። የባትሪው ጠባቂ የተሠራው ለ100 አምፔር ከሆነ ሻዩ ሳይፈላ መብራቱ ይጠፋል። ደንበኛው ባትሪው ተበላሽቷል ብሎ ይመጣል፤ ባትሪው ግን የታዘዘውን ነው ያደረገው። ስሕተቱ የተፈጸመው በሽያጩ ቀን፣ አምፔር-ሰዓቱ ተጠይቆ የጠባቂው የአምፔር ወሰን ሳይጠየቅ በቀረ ጊዜ ነው። አምፔር-ሰዓት የጋኑ ስፋት ነው፤ የጠባቂው ወሰን የአንገቱ ጥበት ነው። ሁለቱም በደረሰኙ ላይ ሊጻፉ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የዲናሞው ጉዳይ ነው። የእርሳስ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ ኀይል መቀበልን ይቀንሳል፤ ዲናሞውም ያርፋል። ሊቲየም ግን እስኪሞላ ድረስ የሰጡትን ሁሉ ይውጣል። ሞተሩ በቆመ መኪና ላይ በዝግታ ሲዞር የዲናሞው ማራገቢያም በዝግታ ስለሚዞር፣ ሙሉ ኀይሉን እየሰጠ ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። በዚህም ላይ ጠባቂው ባትሪው ሞላ ብሎ በድንገት በሩን ቢዘጋ ዲናሞው ይሰጥ የነበረው ኀይል መድረሻ አጥቶ ቮልቱ ሽቅብ ይዘልላል፤ የመኪናውንም ኤሌክትሮኒክስ ሊጎዳ ይችላል። መፍትሔው በመኪናውና በቤቱ ባትሪ መካከል የሚገባ፣ ከ20 እስከ 40 አምፔር ብቻ የሚያሳልፍ ዲሲ-ቱ-ዲሲ የሚባለው ቻርጀር ነው። ከመኪና ጋር የሚያያዝ የሊቲየም ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ ይህን ዕቃ በመደርደሪያው ሊያጣ አይገባም።

ሽቦና ፊውዝ ርካሽ በመሆናቸው ይናቃሉ። 12 ቮልት ዝቅተኛ ስለሆነ አንድን ሥራ ለመሥራት ብዙ አምፔር ይጠይቃል፤ 2,000 ዋት የሚሰጥ ኢንቨርተር ሲሠራ 174 አምፔር ያህል በሽቦው ውስጥ ያልፋል። ለዚህ 70 ካሬ ሚሊሜትር ያህል የሆነ የመዳብ ኬብል፣ እርሱም አጭር፣ ያስፈልጋል። ሙቀት የሚፈጠረው ደግሞ በአምፔሩ ካሬ ነው። የላላ አንድ ማሰሪያ የአንድ ኦም መቶኛ የምታህል ተቃውሞ ቢኖረው፣ 150 አምፔር ሲያልፍበት 225 ዋት ሙቀት ያወጣል። ይህም ጣት በምታህል ቦታ ላይ ትንሽ ምድጃ መለኮስ ነው። መንገድ ላይ የሚንገጫገጭ ቤት ውስጥ ማሰሪያዎች ይላላሉ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላና ከዚያም በየጥቂቱ ጊዜ ማጥበቅ የማይታለፍ ሥራ ነው። ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ መቀመጥ አለበት። የሊቲየም ባትሪ ሁለቱ ራሶች ቢነካኩ በቅጽበት በሺሕ የሚቈጠር አምፔር ይሰጣል፤ ተራ ፊውዝ ቀልጦም በብልጭታው በኩል ኀይሉን ማሳለፉን ሊቀጥል ይችላል። ለዚህ የተሠራው ክላስ ቲ የሚባለው 20,000 አምፔር የሚያቋርጥ ፊውዝ ነው። ዋጋው ከተራው ቢበልጥም ከባትሪው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ስለ ቅዝቃዜም አንድ ነገር እንበል። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ኀይል ቢሰጥም ኀይል መቀበል ግን የለበትም። በውርጭ ሲሞላ ሊቲየሙ በአሉታዊው ሰሌዳ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፤ ይህም የማይመለስ ጉዳት ነው። አሜሪካውያን የእርሳሱን ባትሪ የሚያስቀምጡት በተጎታች ቤቱ ፊት፣ ከደጅ ነበር፤ አየሩን በጋዝ እንዳይመርዝባቸው። ሊቲየሙን ግን ወደ ውስጥ አስገብተውታል። ነገሩ የካናዳና የሚኒሶታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ደጅ የተቀመጠ ባትሪ ላይ ማለዳ የወጣችው ፀሐይ ኀይል ትልካለች። ጥሩ ጠባቂ ይህን ይከለክላል፤ በርካሾቹ ባትሪዎች ውስጥ ግን ይህ መከላከያ የሌለበት ጊዜ አለ። አስመጪው በውሉ ላይ በግልጽ ይጠይቅ።

ስለ ፀሐይ ሰሌዳው

ቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ያሳየው የመጀመሪያው ጠቃሚ የሲሊኮን ሴል ከፀሐይ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው 6 በመቶ ያህል ነበር፤ የዛሬዎቹ ሰሌዳዎች ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣሉ። በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ዋት ግን የተለካው በቤተ ሙከራ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው። ሰሌዳው ሲግል በየዲግሪው የአንድ በመቶ ሢሶ ያህል ይቀንሳል፤ በጣራ ላይ ተጣብቆ 60 ዲግሪ የደረሰ ሰሌዳ ከአሥር እጅ አንዱን አጥቷል ማለት ነው። ለዚህም ነው ባለሙያዎች ከሰሌዳው በታች አየር እንዲያልፍ ጥቂት ጣቶች ያህል ከፍ አድርገው የሚያስሩት።

ስንት ሰሌዳ ይበቃል? አንድ ተጎታች ቤት ለማቀዝቀዣው 600፣ ለመብራት 60፣ ለውሃ መሳቢያው 30፣ ለማራገቢያ፣ ለስልክና ለኮምፒዩተር 300 ዋት-ሰዓት በቀን ይፈጃል እንበል፤ በጥቅሉ 1,000 ያህል ነው። ፀሐይ በሙሉ ብርታቷ የምትቈጠርበት ጊዜ በቀን አምስት ሰዓት ከሆነና ከሰሌዳው ወደ ባትሪው ሠላሳ በመቶው በመንገድ ከጠፋ፣ 286 ዋት ያስፈልጋል፤ ሁለት ባለ 200 ዋት ሰሌዳዎች ከበቂ በላይ ናቸው ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ ክረምት ግን ጊዜው ወደ ሁለት ሰዓት ሲወርድ 714 ዋት ይጠየቃል። እዚያ ፀሐይ በክረምት ወደ ደቡብ ዝቅ ስለምትል በጣራ ላይ የተነጠፈ ሰሌዳ ብርሃኑን በጐን ነው የሚያገኘው። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ይህ ችግር ብዙ አይጐዳንም፤ የእኛ ችግር የሐምሌና የነሐሴ ደመና ነው። ስለዚህ በአሜሪካ የታተመ የመጠን ሠንጠረዥ እንዳለ ተገልብጦ ለእኛ ደንበኛ ሊሰጥ አይገባም።

ኮንትሮለሩ ሁለት ዐይነት ነው። ፒ.ደብልዩ.ኤም. የሚባለው ርካሹ ሰሌዳውን ከባትሪው ጋር በቀጥታ እንደሚያገናኝ ነው፤ 18 ቮልት የሚሰጠው ሰሌዳ ወደ ባትሪው 13 ተጐትቶ ትርፉ ይባክናል። ኤም.ፒ.ፒ.ቲ. የሚባለው ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ይለውጠዋል። ለአንድ ትንሽ ሰሌዳ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሁለተኛው ዋጋውን ይመልሳል። በሁለተኛው ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። 23 ቮልት የሆኑ አራት ሰሌዳዎች በተርታ ቢያያዙ 92 ቮልት ይሆናሉ፤ 100 ቮልት ለሚችል ኮንትሮለር ደኅና ይመስላል። ቅዝቃዜ ግን የሰሌዳውን ቮልት ከፍ ያደርጋል፤ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ውርጭ ወደ አንድ አሥረኛ ይጨምርና 101 ይሆናል። ኮንትሮለሩ ፀሐይ በወጣችበት በዚያው ጧት ይቃጠላል። ሁለት ሁለት አድርጎ ማያያዝ ሥጋቱን ያስቀራል። ሲገጠምም ባትሪው ይቀድማል፣ ሰሌዳው ይከተላል፤ ሲፈታ በተቃራኒው ነው።

ጥላ ከሚገመተው በላይ ይጐዳል። የአየር ማቀዝቀዣው ጥላ የሰሌዳውን አንድ ጠርዝ ቢሸፍን ሢሶው ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ኀይል ሊጠፋ ይችላል፤ ሴሎቹ በተርታ ስለ ተያያዙ አንዱ ሲታነቅ የጎረቤቶቹም መንገድ ይዘጋል። አቧራውን ማለዳ ሰሌዳው ሳይግል በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ ይበቃል። ሽቦው ጣራውን በስቶ የሚገባበትን ቦታ ግን በየዓመቱ መመርመር ይገባል፤ ብዙ ተጎታች ቤቶችን የሚያበሰብሰው ዝናብ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

የአስመጪው ድርሻ

በዓለም አቀፉ የዕቃዎች ምደባ ተጎታች ቤቱ 8716.10፣ የሊቲየም ባትሪ 8507.60፣ ከሞተር ማስነሻው ውጭ ያለው የእርሳስ ባትሪ 8507.20፣ ቻርጀርና ኢንቨርተር 8504.40፣ ተገጣጥሞ የመጣ የፀሐይ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በወጣው እትም 8541.43 ናቸው። ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር በአንድ ሣጥን ተሠርቶ የሚመጣ ከሆነ ዕቃው ሳይጫን ከትራንዚተሩ ጋር መመካከር ይበጃል።

የሊቲየም ባትሪ በጭነት ሕግ ዘጠነኛ ምድብ አደገኛ ዕቃ ነው፤ ለብቻው ሲላክ የተባበሩት መንግሥታት ቁጥሩ 3480 ነው። ለብቻው የሚላክ ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ እንደ ጭነት መጫን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል፤ በዕቃ ጫኝ አውሮፕላንም ከ30 በመቶ በላይ ተሞልቶ መሄድ የለበትም። ከጥር 2020 ዓ.ም. ወዲህም አምራቹ 38.3 የሚባለውን ፈተና ማለፉን የሚያሳይ ማጠቃለያ ሲጠየቅ ማቅረብ አለበት። አንዳንድ ሻጮች ወጪ ለመቀነስ ዕቃውን በሌላ ስም ጽፈው እንላክላችሁ ይላሉ። ይህን የተቀበለ አስመጪ መርከቡ ላይ እሳት ቢነሣ የኢንሹራንስ ካሳ ማግኘቱ ቀርቶ ራሱ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። የፈተናው ማጠቃለያ፣ የእያንዳንዱ ባትሪ ትክክለኛ ክብደትና የጠባቂው የአምፔር ወሰን በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ የሚቀርቡ ሰነዶች ሆነው ቢጠየቁ ብዙ ክርክር ይቀራል።

ዕቃው መጋዘን ሲገባ መፈተን ቀላል ነው። አስቀድሞ ሚዛን ላይ ማውጣት ነው፤ 100 አምፔር-ሰዓት ተብሎ ስድስትና ሰባት ኪሎ የሚመዝን ባትሪ ሆዱ የጎደለ ነው። ቀጥሎ ከመካከላቸው አንዱን ሞልቶ በ10 አምፔር ማውረድ፤ አሥር ሰዓት ያህል ካልቈየ የተጻፈው ቁጥር ሐሰት ነው። በቮልት መለኪያ ብቻ መፍረድ ግን አይቻልም። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ 12.7፣ በግማሹ 12.1 ያህል ስለሚያሳይ ባለሙያው ልማዱ ሆኖ በመለኪያ ያነብበዋል፤ ሊቲየም ግን ከ80 በመቶ ወደ 30 ሲወርድ የሚቀንሰው ከግማሽ ቮልት በታች ነው። የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቈጥር መለኪያ በባትሪው አሉታዊ መስመር ላይ ማስገባት ይሻላል፤ ይህም ለሱቁ ሌላ የሚሸጥ ዕቃ ነው።

ሳይሸጥ የሚቈይ ሊቲየም በግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ከማናቸውም ሽቦ ተለይቶ፣ በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ በስድስት ወር አንዴም ይታይ። እስከ አፉ ተሞልቶ ለወራት መቆየቱ ዕድሜውን ይቀንሳል። የሚሠራበት ደንበኛ ግን በየወሩ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ ቢሞላው ሴሎቹ ይስተካከላሉ፤ ቈጣሪው መለኪያም ይታረማል። ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ለማያያዝ የፈለገ ሰው አንድ ዐይነትና አንድ ዕድሜ ያላቸውን ይግዛ፤ እርሳስና ሊቲየምን በአንድነት ማሰር ከቶ አይገባም።

በመጨረሻ ስለሚመለሱ ባትሪዎች እናንሣ፤ ሱቆች የሚከስሩት በዚህ ነውና። ደንበኛው ተጎታች ቤቱን ቆልፎ ሁለት ወር ይሄዳል፤ የጋዝ ጠቋሚዋና ሬዲዮው ግን ጥቂት ጥቂት እየጠጡ ባትሪውን ይጨርሱታል። ጠባቂው በሩን ይዘጋል። ባለሱቁ በመለኪያው ሲነካው ዜሮ ቮልት ያነብና ሞቷል ብሎ አዲስ ይሰጠዋል። ባትሪው ግን ተኝቶ እንጂ ሞቶ ላይሆን ይችላል። የሊቲየም መደብ ያለው፣ የተኛ ባትሪ የሚቀሰቅስ ቻርጀር አያይዞ በዝቅተኛ አምፔር ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፤ ቮልቱ ከ10 በላይ ከተነሣና ከቆመ በዝግታ ሞልቶ በ10 አምፔር እንደ ገና ማውረድና ሰዓቱን መቍጠር ነው። ያበጠ፣ የሞቀ ወይም ሽታ ያለው ከሆነ ግን መቀስቀስ አይሞከርም፤ ከሌሎቹ ተለይቶ ከሱቁ ውጭ በማይነድድ ወለል ላይ ይቀመጣል።